መንታው መንገድ ላይ ስንሸኛኝ

ደሴ፣ እኛ ቤት፣ እንግዳ መሸኘት ከመቀበሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነበር። እናቴ ጎረቤቷን ልትሸኝ ነጠላዋን ስታነሳ እኛ ልጆቿ ምሳ እንደዘገየ እናውቃለን። መጀመሪያ እስከ በር ነው። ከበሩ እስከ መታጠፊያው። መታጠፊያው ላይ እንግዳዋ «በይ ተመለሺ» ትላለች፤ እናቴ «ትንሽ ልራመድ» ትላለች። እንዲህ እየተባባሉ መስጊዱ ድረስ ይደርሳሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተሸኚዋ እናቴ ብቻዋን መመለሷ አንጀቷን ይበላትና መልሳ ትሸኛታለች። እስከ የት መሸኘት በቂ እንደሆነ የሚናገር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። መጀመሪያ ጀርባዋን የሰጠችው ታፍራለች፤ ሕጉ ይኸው ነው።

ይህን የማነሳው ኦስሎ ላይ ያጋጠመንን ነገር ያለዚህ ማስረዳት ስለማልችል ነው።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ሃውገሩድ ነው። ፎቆቹ በረድፍ ቆመው፣ ከኋላቸው ጫካ የሚጀምርበት ሰፈር ነው። ልጠይቃት በሄድኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፊት ለፊት በር የሚኖሩ ባልቴት እህቴ ሳምቡሳ የላከችበትን ሳህን ሊመልሱ መጡ። ሳህኑ ታጥቧል፤ ባዶ ነው። ባዶ ሳህን መመለሳቸውን በሆዴ ይዤ፣ ሲወጡ ተከትዬ ወጣሁ። በራቸውና በራችን መሐል ያለው አንድ ምንጣፍ ነው። ቁልፋቸውን እስኪያዞሩ አጠገባቸው ቆምኩ። ገቡና ዘወር ብለው አዩኝ። ፈገግ አልኩ። ፈገግ አሉ። በሩን ገርበብ አድርገው ይዘው ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። መጀመሪያ ጀርባዬን እንዳልሰጥ እየጠበቅኩ ነው። እሳቸውም የሆነ ነገር ይጠብቃሉ። በመጨረሻ እህቴ መጥታ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

ቡና እንዲጋብዙኝ የፈለግሁ መስሏቸው ተጨንቀው ነበር አለች እህቴ። እዚያው የተወለደችው የእህቴ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትደርስ ጥቂት የቀራት፣ ከስልኳ ቀና ሳትል፣

«አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ! እዚህ ሰው ራሱን ነው የሚሸኘው» አለችኝ።

«እርስዎ» የሚለውን ቃል ይህች ልጅ አታውቀውም። ላስተምራት አስቤ ነበር፤ ቪዛዬ እንደማይበቃ ሳውቅ ተውኩት።

እህቴ የምትሠራው ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ ነው። ሥራዋ ቪካርነት ነው፤ ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲወልድ፣ ሰው እረፍት ሲወጣ በምትኩ ትጠራለች። ጠዋት ስልኳ ሲጮህ ገና «ሃሎ» ሳትል የምትጠይቀው «እስከ መቼ?» ብላ ነው። እስከ ዓርብ። እስከ ወሩ መጨረሻ። አንድ ጊዜ እስከ ምሳ ሰዓት ተብላ ሄዳለች። ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ስትኖር ደሴ ሄዳ አታውቅም። በሄደችበት ሌላ ቪካር ይለምዳሉ ብላ ትፈራለች። እናታችን የልጅ ልጇን የምታውቃት በስልክ መስኮት ነው፤ ያውም ግማሽ ግንባሯን።

በዚያ መስከረም አንድ ቋሚ ቦታ ተከፈተ። ቋሚውን «ፋስት» ይሉታል። እህቴ ቃሉን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ኢንሻአላህን አስከትላ ነበር የምትጠራው። ፋስት ከሆነች በመጪው ክረምት ልጇን ይዛ ደሴ ትሄዳለች፤ ይህን ለእናታችን ገና አልነገረቻትም።

እንቅፋቱ ጫካ ነው። ባርነሃገው በየማክሰኞው ሕፃናቱን ጫካ ይወስዳል፤ ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን። እህቴ በየማክሰኞው ወጥ ቤት መሥራት አለብኝ ብላ ትቀራለች። ደሴ ያደገ ሰው ጫካ ሲባል የሚታየው ጅብ ነው። ልጇ ኖርዌይ ውስጥ ጅብ እንደሌለ በትምህርት ቤት መጽሐፍ አሳይታታለች። እህቴ መጽሐፉን አይታ፣ «ጅቡ ባይኖርም ቦታው የጅብ ነው» ብላ መለሰችላት።

አለቃዋ ግን ወጥ ቤቱን ታዝባለች። ጎበዝ እንደሆነች፣ ሕፃናቱ እንደሚወዷት፣ ነገር ግን ጫካ የማትወጣ ሰው ፋስት ማድረግ እንደሚከብዳት በለስላሳ ቃል ነግራታለች። ከዚያ ሠራተኛውና ወላጁ ከነሕፃናቱ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጫካው ውስጥ ያለችው ሐይቅ ዳር፣ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ የሚሸጥባት ጎጆ ጋ እንደሚገናኙ ነገረቻት። ሁሉም ከየሰፈሩ በእግሩ ይመጣል። አንቺም ከሃውገሩድ በጫካው ተሻግረሽ ነይ አለቻት። ይህን ስትል ፈገግ ብላለች፤ እህቴ ግን ፈገግታውን ትታ ትእዛዙን ብቻ ይዛ ገባች።

ልጇ አልሄድም አለች። «ማማ፣ ቱር እኮ ነው፤ ፈተና አይደለም» አለቻት። ቱር ማለት ያለ ጉዳይ መሄድ ነው። እዚያ አገር ሰው የሚከበርበት ሥራ ነው።

ስለዚህ እኔ ተከተልኳት። ካርታ ማንበብ እችላለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ሰው በሚያቆምበት ዕድሜ ስለሆነ፣ የጂኦግራፊ መምህሬ ከእኔ በዕድሜ ያንስ ነበር፤ አፍሮም ይሁን አዝኖ፣ ካርታውን ለብቻዬ አስረዝሞ ነው ያስተማረኝ። በልጅቷ ካርድ ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የጫካውን ካርታ ተዋስኩ። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ መንገድ ሁለት ሰዓት ቀድመን እንድንወጣም ያደረግሁት እኔ ነኝ። እህቴ ጀርባዋ ላይ ለሠርግ የሚበቃ ሳምቡሳ ተሸክማለች። እኔ ያለኝን ጥሩ ጫማ፣ ጥቁሩን የቆዳ ጫማዬን፣ ቀለም ቀብቼ ተጫምቻለሁ።

የጫካውን በር ፈለግሁ። የመጨረሻው ፎቅ አልቆ፣ መኪና የሚቆምበት አስፋልት አልቆ፣ ወዲያው ዛፍ ነው። አጥር የለም። ዘበኛ የለም። እየገባን እንደሆነ ያወቅሁት ሰዉ ሰላም ማለት ሲጀምር ነው። በባቡር ጉልበቴ ጉልበቱን እየነካ ዓይኑን መስኮት ላይ የሚሰቅል ሕዝብ፣ እዚህ ከሩቅ «ሃይ» ይላል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ መንገድ ይለቃል። ከተማ ውስጥ የቆጠቡትን ሰላምታ የሚያወጡት እዚህ ነው ለካ ብዬ ለእያንዳንዱ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መለስኩ። እህቴ እንዲህ ከሆነ ማታ እንደርሳለን አለች።

ዛፎቹ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ መንገደኛ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። እህቴ ቀለሙን አትመለከትም፤ የምትመለከተው ቁጥቋጦውን ነው። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ዱዓ ታደርጋለች። ወፍ ሲሆን ደግሞ ዱዓውን አታቋርጠውም፤ ለሚቀጥለው ታተርፈዋለች።

ወደ ሐይቁ ግማሽ መንገድ ሲቀረን መንገዱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ ለሁለት ይከፈላል። ካርታው እንደሚለው ግራው ወደ ጎጆዋ፣ ቀኙ ከጫካው ማዶ ወዳለ ሰፈር ነው። ሁለት ዱላ የያዙ ሽማግሌ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ትንሽ ስፖንጅ አንጥፈዋል፤ እዚያ አገር ሰው ጫካ ሲሄድ መቀመጫውን ይዞ ነው የሚሄደው። ፂማቸው ነጭ፣ ጉልበታቸው ቀጭን፣ ከቴርሞስ ቡና እየቀዱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰላም አሉን። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ፤ እህቴ ነገረቻቸው። እሳቸውስ? ወደ ቤታቸው። በዱላቸው ወደ ቀኝ አመለከቱ።

እኔና እህቴ ተያየን። በዚህ ዕድሜ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ ጫካ ውስጥ፣ ብቻቸውን። ልጅ የላቸውም? ጎረቤት የላቸውም? ሰዓቱ ገና ነው፤ ቀድመን መውጣታችን ለዚህ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ብንሸኛቸው ምንም አይጎድልብንም ተባባልን።

እህቴ ኖርዌጅኛ የተማረችው ከሦስት ዓመት ሕፃናት ነው። አነጋገሯ ጥርት ያለ ነው ይሏታል፤ ግን ማንንም ስታናግር የሦስት ዓመት ሕፃን እንደምታናግር ነው። ሽማግሌውን ምን እንዳለቻቸው በኋላ ተርጉማልኛለች፦ «አሁን ቡናችንን እንጨርሳለን። ከዚያ ሁላችንም አብረን እንሄዳለን። ማንም ብቻውን አይሄድም። ጎበዝ!»

ሽማግሌው እሷን አዩ። እኔን አዩ። ጫማዬን አዩ። ካርታዬን አዩ። ቡናቸውን ጨርሰው ተነሡ።

በቀኙ መንገድ ከኋላቸው ተከተልናቸው። ጥቂት ሄደው ቆሙና ጎጆዋ በግራው እንደሆነች ነገሩን። እህቴ እናውቃለን አለቻቸው። መሄድ ቀጠሉ፤ ቀጠልን። እንደገና ቆሙ። ፂማቸውን አሻሹ። ከዚያ ዞረው ወደ ድንጋዩ መለሱን፣ በግራው መንገድም ቀድመውን መሄድ ጀመሩ።

እኛ የገባን እንዲህ ነው፦ ቤታቸው ጠፍቶባቸዋል። አሁን በቀኝ ነው ያሉትን ሰው አሁን በግራ ሲሄዱ ምን ትላቸዋለህ? እህቴ ከንፈሯን መጠጠች። በለሆሳስ «አባባ፣ ቤት በዚህ ነው» ብላ፣ ሕፃን እንደምትመልስ ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ ወደ ቀኝ መለሰቻቸው። እሳቸውም አልተቃወሙም። ትንሽ ተራምደው በትሕትና ወደ ግራ መለሱን። እኛም በትሕትና ወደ ቀኝ መለስናቸው።

እሳቸው ያሰቡትን የሰማነው ቆይተን ነው። በከተማ ጫማ ካርታ የያዙ ሁለት ሴቶች አገኙ፤ ትክክለኛውን መንገድ ነገሯቸው፤ ሴቶቹ «እናውቃለን» ብለው በተሳሳተው ሄዱ። መጥፋታቸውን ለመናገር አፍረዋል። «ጠፍታችኋል» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ደግሞ እዚያ አገር ነውር ነው። ስለዚህ ዝም ብለው መንገድ ሊያስይዙን ወሰኑ። «ጠፍተዋል» ብሎ ለሽማግሌ መናገር ለእኛም ነውር ነው። ስለዚህ ዝም ብለን ቤታቸው ልናደርሳቸው ወሰንን። ድንጋዩን ስንት ጊዜ እንደዞርነው አልቆጠርኩም፤ ግን አንዲት እየሮጠች ያለፈችን ልጅ፣ ተመልሳ ስታልፈን እዚያው አግኝታን፣ ያለ «ሃይ» ሮጠች።

እህቴ ስልኳን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ቀጠሮው ሊያልፍብኝ ነው።»

የአገሩ ሰው ናቸው፣ ጫካውም ጫካቸው ነው፣ እንሂድ አልኳት። ካርታዬን አጥፌ ጨረስኩ። እሷ ሽማግሌውን አየቻቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው የእኛን መጨረሻ ይጠብቃሉ።

«አንቺ ትተሻቸው ትሄጃለሽ?»

ፋስቱ በግራ በኩል አለ፤ ክረምቱም፣ ደሴም፣ እናታችንም በግራ በኩል ናቸው። ሽማግሌው በቀኝ ናቸው።

እህቴ ለአለቃዋ ደወለች። አንድ የጠፉ ሽማግሌ እንዳገኘች፣ ትታቸው መምጣት እንደማትችል፣ ትልቁ ድንጋይ ጋ እንደሆነች ነገረቻት። እሷ ስትናገር ሽማግሌውም ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ስልክ ይነጋገራሉ። ልጃቸውን አግኝተው ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሁላችንም ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሽማግሌው ስፖንጃቸውን ለእኔ ለቀቁልኝ፤ እኔ አይሆንም ብዬ መለስኩላቸው፤ እሳቸው መለሱልኝ። በመጨረሻ ስፖንጁ ላይ ማንም ሳይቀመጥበት ቀረ።

መጀመሪያ የደረሱት በቀኝ በኩል ባለቤታቸው ናቸው፤ ቴርሞስ፣ ብርድ ልብስና አንድ ደስተኛ ውሻ ይዘው። ውሻው ሊስመኝ ሲመጣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ወጣሁ። አሮጊቷ በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንድ ቃል እየለያዩ፣ አይዞሽ አሉኝና ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ከዚያ የምኖርበትን አድራሻ አስታውስ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ይህን እንዴት እንደምመልስ ሳስብ በግራ በኩል ዘፈን ተሰማ። የእህቴ አለቃ ከፊት፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሕፃናት ጥንድ ጥንድ ሆነው ከኋላዋ፣ ወላጆች ከነሕፃን ጋሪያቸው እያዘገሙ መጡ። ለጠፉት ሽማግሌ ሊደርሱላቸው ጎጆዋን ጥለው ወጥተዋል። አለቃዋ ቀጥ ብላ ወደ ሽማግሌው ሄዳ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አሁን ሰው እንደደረሰላቸው ነገረቻቸው። ሽማግሌው ወደኛ አመለከቱ። እህቴ ወደሳቸው አመለከተች። አሮጊቷ ወደኔ አመለከቱ። እኔ ካርታውን ዘርግቼ የቆምንበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁ።

ሁሉም ካርታውን አዩት። ትክክል ነበር።

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ሲስቁ ዱላቸው ወደቀ። እዚያ ጫካ ሃምሳ ዓመት እንደተመላለሱ ባለቤታቸው ተናገሩ፤ ድንጋዩ ላይም የሚቀመጡት ቡናቸውን እዚያ መጠጣት ስለሚወዱ ብቻ ነው። እህቴ ግን አልሳቀችም። አለቃዋ ፊቷን ወደ ወላጆቹ አዙራ የሆነ ነገር ትነጋገራለች፤ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየን።

«አበቃልኝ» አለችኝ በአማርኛ። «ቀጠሮ አላከበርኩ፣ ይሄን ሁሉ ሰው አንከራተትኩ። ያልጠፋ ሰው አገኘሁ ብዬ።»

ሕፃናቱ ደክመዋልና ወደ ጎጆዋ ከመመለስ እዚያው እንብላ ተባለ። በአንድ አፍታ ሁሉም ስፖንጁን አነጠፈ፤ ሁሉም በወረቀት የተጠቀለለ የየራሱን ቁራሽ አወጣ። እህቴ ሳምቡሳውን ከፈተች። ለሽማግሌው፣ ለአሮጊቷ፣ ለወላጆች እየዞረች ሰጠች። እምቢ ላለ ሰው እንደገና ሰጠች፤ እምቢታን የመጀመሪያ ዙር አድርጋ ነው የምትቆጥረው። ሰዎቹ በወረቀት የተጠቀለለውን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳቸው መለሱት። አለቃዋ ቡና ልትቀዳ ስትነሣ ሕፃናቱን ተመልከቻቸው ብላ ለእህቴ ተወችላት።

ሽማግሌውና ባለቤታቸው ሊሄዱ የተነሡት ያን ጊዜ ነው። እኔ ተነሣሁ። እህቴም ተነሣች፣ ግን ቆመች። ሽማግሌውን አየች። ሕፃናቱን አየች፤ አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቷል፣ ሁለቱ ውሻውን አቅፈዋል። አለቃዋን አየች። አለቃዋ ቡናዋን ይዛ ትመለከታለች።

እህቴ እንግዶቹን ሸኘች፤ ወደ ኋላ እየተራመደች። ጀርባዋን ወደ መንገዱ፣ ፊቷን ወደ ሕፃናቱ አድርጋ፣ በጣቷ እየጠቆመች በኖርዌጅኛ ትቆጥራለች፤ በየመሐሉ «ውረድ! ጎበዝ! ውሻውን ልቀቁት!» ትላለች። አሮጊቷ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዘዋታል። ለማንም ጀርባዋን አልሰጠችም። ሕፃናቱ ከዓይኗ ሊሰወሩ ሲሉ ቆመች። ሽማግሌው በእጃቸው ተመለሺ አሏት። ትንሽ ልራመድ ማለቷ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ከዚያ መመለስ ስትጀምር ሽማግሌው ሦስት እርምጃ መልሰው ሊሸኟት ተከተሏት፤ ባለቤታቸው እጅጌያቸውን ይዘው አስቀሯቸው።

ስትመለስ አለቃዋ ሕፃናቱ ስንት እንደሆኑ ጠየቀቻት። እህቴ ዞር ብላ ሳታይ ቁጥራቸውን ነገረቻት። አለቃዋ ቡናዋን ጠጣችና ከዚህ በኋላ ማክሰኞ ጫካውን አንቺ ትይዣለሽ አለቻት።

እህቴ ለዓመታት የጠየቀችውን ጠየቀች። «እስከ መቼ?»

«እስከ የለውም» አለቻት አለቃዋ።

ስንመለስ እህቴ ቁጥቋጦውን አላየችም። ኖርዌጅኛ የማላውቀውን እኔን፣ «እስከ የለውም ነው ያለችው፣ አይደል? ሰምተሻታል?» እያለች ሃውገሩድ ድረስ ጠየቀችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። ልጇ በሩን ስትከፍት «አዎ፣ ማማ፣ ብዬሽ ነበር» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ ክረምት ደሴ እንደምትሄድ ስትሰማ ግን ስልኩን አስቀመጠችው።

እናታችን ጋ ደወልን። እህቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ ጫካውን፣ ሽማግሌውን፣ ድንጋዩን፣ ፋስቱን፣ ክረምቱን። እናታችን አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ አልሃምዱሊላህ አለች፤ ከዚያ ጠየቀች፦

«ሽማግሌው ግን ቤታቸው ገብተዋል?»

እህቴ ስልኩን እንደያዘች አየችኝ። እኔ ጫማዬን መፍታት ጀምሬ ነበር፤ መልሼ አሰርኩት።